ኮባ

ስሜ ማንጠግቦሽ ነው፤ ከቁመቴ ይረዝማል፤
መዝገብ ላይ ስጽፈው ከመስመሩ ያልፋል።
ለዚህ ይሆን እንጃ፣ ችግኝ ጣቢያ፣ እንጅባራ፣
ስም ጸሐፊ ያደረጉኝ፣ ለዋንዛ፣ ለጽድ፣ ለወይራ።
(ለዲከረንስማ ማን ስም ይጽፍለታል?
ሳይጠሩት ይበቅላል፣ ከሰል ሆኖ ይሄዳል።)

ሳዋኮ አፈር ለካች፣ ሁለት ክረምት ሙሉ፤
(አፈራችን የት እንደሚሄድ ዓባይን ጠይቁ፣ እሱ ነው ባለውሉ።)
ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት ካርቶን ተሸክማ
ደጄ ላይ ቆመች፣ በካፊያ ርሳ፣ ጭቃ ተጫምታ፣ ደክማ።
አራት የቲማቲም ጣሳ፤ በእያንዳንዱ ጣሳ
ቅጠል፣ ጥፍሬን የሚያክል፣ ጎንበስ ላላለ ሰው የሚረሳ።

"ኦቶሜ ነው ይሄ፣ ልጃገረድ ማለት፤
ይሄ ሂሜ ይባላል፣ እመቤት፣ ልዕልት፤
እኛ ዘንድ" አለችኝ፣ "ተክል ከዘሩ ካነሰ
ልዕልት ይባላል።"
ዝም አልኩ፤ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ደረሰ።
"ጩጬ"፣ "ድንክዬ"፣ "ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ?" እየተባለ
አርባ ዓመት አለፈኝ፤ ለካ ሌላ ቃልም አለ።

"ሦስተኛው ኮባ ነው" ከማለቷ ሳዋኮ፣
ዘበኛው ጋሼ ሙጬ ከኋላችን ነው እኮ፣
ከዘራው እስኪወድቅ ከት ብሎ ሳቀ።
"ኮባን ደግሞ ለኛ! ኮባን ማን ያላወቀ?
ድፎ የሚጠቀልል፣ ዝናብ የሚያስጠልል፣
ሁለት ሰው የሚያለብስ፤ ኮባ እሱ ነው ቅጠል!
በዚህስ የጉንዳን ዳቦ እንኳ አይጋገር፤
ወይ ስሙን ቀንሱለት፣ ወይ ቅጠሉ ይጨመር።"

"ኮ" ትንሽ፣ "ባ" ቅጠል፤ በሷ አገር ቋንቋ
ትንሽ ቅጠል ማለት ነው። ነገርኩት። ከዘራውን አነሳ፤ ሳቁ በቃ።
ጋሼ ሙጬ ልጅ ሆኖ ቅኔ ቤት ጀምሮ
ውሻ ፈርቶ ነው የተወው፣ ቁራሽ ሲለምን በየጓሮ፤
ያን ቀን ግን ተመለሰ፦ "አንድ ቃል፣ ሁለት አገር፤
ሰሙ ሰው ያለብሳል፣ ወርቁ ለጉንዳን ሲያጥር።"

አራተኛው ስም አልነበረውም፤ "ጊቦሺ ብቻ በይው" አለች፣
የወገኑ ሁሉ መጠሪያ። መዳፌ ላይ በእርሳስ ሣለች፦
ድልድይ፣ የድልድዩ ቋሚ፣ ከጫፉ ሽንኩርት መሳይ ጌጥ፤
እምቡጡ እሱን ይመስላል፣ ገና ሳይፈካ፣ ሳይገለጥ።
ጎጃም በድልድይ ይገባል፤ የኛ ድልድይ ግን ጌጥ የለው፣
ቋሚው ላይ ዝንጀሮ ተቀምጦ መንገደኛ ነው የሚያየው።

ስማቸውን በቀርከሃ ስንጥር ጽፌ ተከልኩ ከሥራቸው።
የሐምሌ ዝናብ እርሳሱን አጠበ፤ ስንጥሮቹን የኅዳር ነፋስ ወሰዳቸው፤
ጥር ላይ ውርጭ ወርዶ ቅጠሉም ጠፋ ከነዘንጉ፤
መዝገቤ ላይ "ሞቱ" ብዬ ጻፍኩ፤ ሞት ምን ገዶት ለማዕረጉ።
ጋሼ ሙጬ መዝገብ አያይም፤ በጋውን ሁሉ ጠዋት ጠዋት
አራት ጣሳ ባዶ አፈር በጭልፋ ያጠጣል፤ አፍሬ አልከለከልኩት።

ግንቦት ላይ ወስፌ የመሰለ ጫፍ አንዱ ጣሳ ውስጥ ታየ።
የትኛው ነው? ልጃገረዷ? ልዕልቷ? ማን ለየ?
ጋሼ ሙጬ ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አጎንብሶ፣
በአገውኛ አንድ ቃል አለው፣ ለሰው የማይለውን፣ አለስልሶ።
"ምን ማለት ነው?" ብለው፣ "አይተረጎምም፤ ይጠሩታል እንጂ" አለኝ፤
ፊደል ላለብሰው ብሞክር ድምፁ ከጣቴ አመለጠኝ።

መዝገቡን ገለጥኩ፤ "ሞቱ" ካልኩት ላይ አንዱን ሠረዝኩ፣
በጠባቡ ዓምድ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ "ኮባ" ብዬ ጻፍኩ።
ሁለት ፊደል ብቻ። ከመስመር አላለፈም።

ተሳስቼ ይሆናል፤ ልዕልቷ ከሆነች ይቅር ትበለኝ።
ሦስቱን ባዶ ጣሳ ዛሬም ያጠጣል፤ ትናንት ጭልፋውን ሰጠኝ።